ቁስልን የሚያስደብቅ ተግሣጽ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ሰውነት ጌጥና ስለ ውበት ቀዶ ሕክምና ሲነሣ ብዙዎቻችን የምንቸኩለው ወደ ፍርድ ነው። አፍንጫዋን ወይም እምብርቷን የተበሳች እህት በጡቷ ላይ የውበት ቀዶ ሕክምና አድርጋ ታመመች ሲባል፣ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ በየሰፈራችን የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «የእጇን ነው ያገኘችው»። ይህ ንግግር መንፈሳዊ ቅንዓት ይመስላል፤ ፍሬው ሲታይ ግን ጭካኔ ነው። ምክንያቱን እንመልከት።

አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይሸፈን። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን ሐዋርያው አስተምሮናል (1ኛ ቆሮ. 6፥19)። ጤነኛን አካል የሰው ዓይን ለመማረክ ሲሉ ለምላጭ አሳልፎ መስጠት የዚህን ማደሪያ ክብር መዘንጋት ነው። ቀዶ ሕክምናን ሁሉ ግን በአንድ ሚዛን አንመዝንም። በየካቲት 12 ሆስፒታል በእሳት የተጎዳ ቆዳ የሚጠግን፣ በአለርት በሥጋ ደዌ የተቆለመመ ጣት የሚያቀና ሐኪም የምሕረት ሥራ ይሠራል። ጡቷን በካንሰር ያጣች እናት አካሏ ቢጠገንላት፣ ከጡቷ ክብደት የተነሣ ወገቧን የሚያማት እህት ብትታከም ሊወቅሳቸው የሚገባ የለም። የምንቃወመው ሌላውን ነው፤ በቲክቶክ መስኮት «ገላሽ ጎደሎ ነው» እያለ እህቶቻችንን ከራሳቸው ጋር የሚያጣላውን፣ ካጣላ በኋላም እርቁን በዶላር የሚሸጠውን ገበያ። ይህ ገበያ ወደ ኢስታንቡል ሲጠራ ፈገግታውን ያሳያል። ታካሚዋ አገሯ ገብታ ስፌቱ ቢከፈት ግን ሐኪሟ ባሕር ማዶ ነው፤ ቁስሉን ይዛ የምትቀረው እርሷ ናት።

ወደ ጌጡም እንምጣ። «የአፍንጫ ቀለበት የአሕዛብ ነው» የሚል ሰው ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24ን ያንብብ። የአብርሃም ሎሌ ርብቃን ለይስሐቅ ሲያጭ የወርቅ ጌጥ አድርጎላታል፤ የዕብራይስጡ ቃልም ጌጡ በአፍንጫዋ እንደ ነበረ ይናገራል። እስራኤል ከጆሯቸው ባወለቁት ወርቅ በሲና ሥር ጥጃ ሠሩ (ዘፀ. 32፥2-4)፤ ጥቂት ቆይተው ያንኑ ዓይነት ጌጥ ለድንኳኑ ሥራ በፈቃዳቸው አቀረቡ (ዘፀ. 35፥22)። ወርቁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ልብ ነው። እናቶቻችንም በግንባራቸው መስቀል፣ በአንገታቸው ጥልፍ የመሰለ ንቅሳት ነበራቸው፤ የሴት ሕፃናትን ጆሮ የምንበሳውም እኛው ነን። ታዲያ የእናታችንን ንቅሳት «ባህል» ብለን አክብረን የልጃቱን ቀለበት «ርኵሰት» የምንለው በየትኛው ሚዛን ነው? ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ውስጣዊው ጌጥ ያስተማረው (1ኛ ጴጥ. 3፥3-4) ለሁላችን ነው፤ በነጠላችን ጥለት ስንታበይ ለምንውለውም ጭምር።

የዚህ ዓይነቱ ተግሣጽ ትልቁ ጉዳት ማስደበቁ ነው። ወሬ የፈራች ልጅ ቀለበቷን ከእናቷ ትደብቃለች፤ መደበቅ የለመደችም ከነርሷ ትደብቃለች። ቀዶ ሕክምና ክፍል ግን ድብቅ ብረት አይወድም። ደም ለማቆም የሚሠራበት የኤሌክትሪክ መሣሪያ በብረቱ በኩል ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል፤ የምላስና የአፍንጫ ጌጥም ለመተንፈሻ የሚገባውን ቱቦ ያውካል። ደግሞም ገና ያልዳነ ብስ ክፍት ቁስል ነው። የጡት ጫፍ ብስ ፈጽሞ ለመዳን ከ6 እስከ 12 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ የእምብርቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚያ በር የገባ ጀርም በጡት ውስጥ ከተቀመጠው ሲሊኮን ቢደርስ አንቲባዮቲክ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ሲሊኮኑን በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እስከ ማውጣት ያደርሳል።

ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ ውሳኔሽ ምንም ይሁን ምን ይህን ስሚ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በገላሽ ያለውን ብስ ሁሉ፣ በልብስ የተሸፈነውንም ሳይቀር፣ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ጌጡንም አውልቂ። ከሕክምናው በኋላ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ያወለቅሽውን አትመልሽ፤ እስክትድኚም አዲስ ብስ አትበሺ። ቁስሉን በእጅሽ አትነካኪ፤ ቅቤም ሆነ ያልታዘዘልሽን ቅባት አትቀቢበት። በገላሽ የቀረ ጌጥ ካለና ቦታው መግል ከያዘ በራስሽ መንጭቀሽ አታውጪው፤ ቀዳዳው ተደፍኖ መግሉ ውስጥ ሊታገት ይችላልና። ትኩሳት ከተሰማሽ፣ ቅላቱ ከሰፋ፣ አንዱ ጡት ለብቻው ካበጠ፣ ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ ለነገ አትበዪ። በግምት ከፋርማሲ መድኃኒት አትግዢ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪምሽ ሂጂ፤ እርሱ ሩቅ ከሆነም በክፍለ ከተማችን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለልሽ።

በመንፈሳዊ ሕይወትሽም ራስሽን አታስጨንቂ። እጅን ከምድር አስደግፎ መስገድ የደረትን ስፌት ይወጥራል፤ ስለ ስግደቱም ስለ ጾሙም የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ቤተ ክርስቲያን ከሕመምተኛ ከአቅሙ በላይ አትጠይቅም። ጠበሉን በእምነት ጠጪ፤ ቁስሉ ሳይገጥም ገላሽን ለመጠመቅ ግን የሐኪሙን ቃል ጠብቂ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር (ቈላ. 4፥14)።

«ይህ ሁሉ ኃጢአትን ማበረታታት አይሆንምን?» የሚል ይኖራል። አይሆንም። ወንበዴዎች ያቆሰሉትን ሰው ያገኘው ደጉ ሳምራዊ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረለት እንጂ «በዚህ አስፈሪ መንገድ ብቻህን ለምን ወጣህ?» ብሎ አልመረመረውም (ሉቃ. 10፥34)። አይተው ያለፉት ካህኑና ሌዋዊው ነበሩ። ምክር ቦታ አለው፤ ቦታውም ከማሰሪያው በኋላ ነው። ደግሞስ ተሰድባ የሸሸችውን ማን ይመክራታል? ገበያው ግን በሩን አይዘጋባትም፤ «ነይ፣ የቀረውንም እናስተካክልልሽ» ይላታል። እኛ በወሬ ያባረርናትን እርሱ በፈገግታ ይቀበላታል።

እንግዲህ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እህቶች፣ ስለ አንዲት እህት ሕመም ስትሰሙ ከአፋችሁ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል «ሐኪም አየሽ ወይ?» ይሁን። ካላየች አብራችኋት ሂዱ፤ ከመኝታዋ ካልተነሣች ምግቧን አድርሱላት፤ ምሥጢሯን ጠብቁ። እናቶችም ልጆቻችሁ ከጎረቤት አንደበት ይልቅ ወደ እናንተ ጆሮ እንዲቀርቡ አድርጉ። ስለ ሰውነት ክብር ማስተማር ያለብንም ልጆቻችን ከምላጩ ሥር ከመግባታቸው በፊት፣ በጉባኤያችን ፊት ለፊት፣ ሳናፍር ነው።

የነፍሳችንና የሥጋችን መድኃኒት እርሱ እግዚአብሔር የታመሙትን ይፈውስልን፤ ለእኛም የሚጠግን አንደበት ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤
ወለወላዲቱ ድንግል፤
ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።