የቦሎቄው ሰነድ ከሞያሌ ሳይሆን ከመጋዘን ይጀምራል

በ2013 ዓ.ም የተመረቀው የሞያሌ የአንድ ማዕከል የድንበር አገልግሎት የኢትዮጵያና የኬንያ ፍተሻ በአንድ ቦታ እንዲከናወን አስችሏል። ሆኖም ማዕከሉ ፍተሻን ያቀላጥፋል እንጂ የጎደለ ሰነድ አይሞላም።

ወደ ኬንያ ቦሎቄ የሚልክ ማኅበር የሽያጭ ውልና ኢንቮይስ፣ የጭነት ዝርዝር፣ የባንክ ፈቃድ፣ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ያስፈልጉታል። ገዥው ደግሞ ጭነቱ ከመነሳቱ በፊት ከኬንያ የዕፅዋት ጤና መሥሪያ ቤት የማስገቢያ ፈቃድ ማውጣት አለበት። የዕፅዋት ጤና ምርመራው በዚያ ፈቃድ የሰፈረውን ቅድመ ሁኔታ ስለሚከተል፣ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አያዋጣም።

ሰነዱ ሁሉ ተሟልቶም ቁጥሩ ላይጣጣም ይችላል። ለምሳሌ ኢንቮይሱ 200 ኩንታል፣ ዲክላራሲዮኑ 198 ኩንታል ካለ፣ ልዩነቱ እስኪጣራ መኪናው ይቆማል። የቆመበትን ኪራይ ትልቅ ነጋዴ በብዙ ጭነት ያካክሰዋል፤ አንድ መኪና ብቻ የጫነ ማኅበር ግን ከአርሶ አደሩ ትርፍ ላይ ይከፍለዋል።

በመሆኑም የወረዳ ንግድና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ድጋፍ ከመጋዘን መጀመር ይኖርበታል። ምርቱ በትክክል ተመዝኖ ያው ቁጥር በሁሉም ሰነድ ላይ ይስፈር፤ መኪና የሚከራየውም ሰነዱ ከተሟላ በኋላ ይሁን።