ሪከርድ መጫንማ ማን ያቅተዋል?

አምስት ነን። ሁለታችን የስልክ ፎቶ ስናሳምር ያደግን፣ አንዳችን የሰፈር ሠርግ ቪዲዮ ያቀናበረ፣ አንዷ ኮምፒዩተር በተበላሸ ቁጥር ዘመድ አዝማድ የሚደውልላት፣ አምስተኛው ደግሞ (እንዲህ ተብሎ ይጻፍልኝ ያለው ራሱ ነው) ምንም የማያውቅ ግን በራሱ የሚተማመን። የመመረቂያ ፊልማችንን ልንሠራ ስንነሳ የፈራነው ብዙ ነገር ነበር። ስክሪፕቱን ፈርተናል፤ ባለታሪካችን «ተዉኝ፣ አልቀረጽም» እንዳይሉንም ፈርተናል። ካሜራውንና ኮምፒዩተሩን ግን ለአፍታም አልፈራንም። «የዲጂታል ትውልድ» እየተባልን አይደል እንዴ ያደግነው?

እንግዲህ ይህችን ጽሑፍ የምንሞነጫጭረው ያ ልበ ሙሉነት ምን እንዳስከፈለን ለመናገር ነው። ደግሞም ብቻችንን እንዳልሆንን እናውቃለን። ስለ ደረሰበት ጉድ የሚያወራ ግን የለም፤ ሁሉም ፖስተሩን ነው የሚያሳየው።

ፊልሙ የ12 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ነው። ባለታሪኩ ዕድሜያቸውን በሲኒማ ቤት ማሽን ክፍል ውስጥ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሲያጫውቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን አናነሳም፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቤታቸው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። «ነበር» ያልነው እያወቅን ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ሄደ። እኛ የቀረጽናቸው ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብለን ነው።

የመጀመሪያው ቀን በመብራት ተጀመረ። ካሜራው ከአንዳችን አክስት ከዋሽንግተን የመጣ ነው። ጋሼ ቤት ውስጥ ፍሎረሰንት መብራት አለ። አብርተን ቀረጽን፣ ደስ ብሎን ወጣን። ማታ ላፕቶፕ ላይ ስንከፍተው ክፍሉ በሙሉ ይርገበገባል፤ ጋሼ ዲስኮ ቤት ውስጥ ቃለ መጠይቅ የሚሰጡ ነው የሚመስለው። ካሜራው ተበላሽቷል ብለን ግማሽ ሌሊት ተጨቃጨቅን። ለካስ ነገሩ ቀላል ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ የእኛ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ካሜራው ለአሜሪካ እንደተሞላ ነው የመጣው። ሹተሩን ከ1/60 ወደ 1/50 ማምጣት፣ ፍሬሙንም በሰከንድ 25 ማድረግ፣ አለቀ። ሁለት ቁጥር! እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በሦስት ዓመት ትምህርት ውስጥ ማንም ነግሮን አያውቅም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም። ስለ ሞንታዥ ቲዎሪ ግን ፈተና ተፈትነን አልፈናል።

ሁለተኛው ጥፋታችን ስስት ነው። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የቀረጸው በ16 ሚሊ ሜትር፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ባለ 400 ጫማ አንድ የ16 ሚሊ ሜትር ጥቅል የሚይዘው 11 ደቂቃ ገደማ ነው። ይህ ማለት «አክሽን» ከመባሉ በፊት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ያውቃል ማለት ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዷ ደቂቃ ገንዘብ ናት። እኛስ? ሚሞሪው ነፃ ነው ብለን ጋሼ ቡና ሲጠጡ፣ ጋሼ ቁልፍ ሲፈልጉ፣ ድመቷ ስታልፍ፣ ሁሉንም ቀረጽን። ለ12 ደቂቃ ፊልም 9 ሰዓት! ካሜራው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ስለሚጽፍ አንድ ሰዓት ቀረጻ 45 ጊጋባይት ነው። 9 ሰዓቱን እናንተ አባዙት። ነፃ የመሰለን ነገር ወጪው ሌላ ቦታ ተደብቆ ነው የጠበቀን፤ በሃርድ ዲስክ፣ በእንቅልፍ፣ ከሁሉም በላይ ግን በሥርዓት። ፊልም በጣሳ የሚቀመጥበት ዘመን ጣሳው ላይ የሚጽፍ ሰው ነበር። እኛ ጋ ያለው ፎልደር ስሙ «አዲስ» ነው። ከዚያ «አዲስ 2»። ከዚያ «ፋይናል»፣ «የምር ፋይናል»፣ «ወላሂ ፋይናል»።

አንድ ቀን ኤዲተራችን ፕሮጀክቱን ከፍላሽ ወደ ራሱ ኮምፒዩተር አዛውሮ ሲከፍተው የሦስት ሳምንት ሥራ በሙሉ ቀይ ሆኖ ጠበቀው፤ «ሚዲያ ኦፍላይን» ይላል። ልጁ ተቀምጦ አለቀሰ፣ እውነታችንን ነው። ምንም አልጠፋም ነበር። ኤዲቲንግ ፕሮግራም ቪዲዮውን ሆዱ ውስጥ አያስገባም፤ ቪዲዮው የት እንዳለ አድራሻውን ብቻ ነው የሚይዘው። ቤት ቀይረህ አድራሻ ካልነገርክ እንግዳህ በሩ ላይ ይቀራል። ይህንን ያወቅነው ለቅሶው ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ።

ከቀረጻው ቀናት በአንዱ ከሰዓት በኋላ ሚሞሪው ሞላ። ያለን አንድ ባለ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ብቻ ስለሆነ ወደ ላፕቶፕ መገልበጥ ጀመርን። ሰፈሩ መብራት የለም። ሰባተኛው ፋይል ላይ ሲደርስ ባትሪው ሞተ። መብራት ያለበት ሱቅ ፈልገን፣ ለምነን፣ ቻርጅ አድርገን ስንከፍተው ፎልደሩ ውስጥ ሰባት ፋይል ተደርድሯል። ሰባት ሲሆን ሰባት ነው! ማንም ከፍቶ አላየም። ፀሐይ ልትጠልቅብን ስለሆነ ሚሞሪውን ፎርማት አድርገን ቀጠልን።

ሰባተኛው ፋይል ውስጥ የነበረው ይህ ነው። ጋሼ በራቸው ደፍ ላይ ቆመው ፊልም ማሽን ላይ እንዴት እንደሚገባ ያሳያሉ። ማሽን የለም፣ ፊልም የለም፤ ጣታቸው ብቻ። ከላይ ያወርዱታል፣ በጥርሶቹ ያሳልፉታል፣ ሉፑን ይለካሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ ሁሉንም አየር ላይ። ከኋላቸው ኮረኮንቹ መንገድና የጎረቤት ሰጥ ያለ ልብስ አለ። የሰፈር ልጆች ዝም ብለው ያዩ ነበር። ፊልማችን በዚያ እንደሚያልቅ ያን ዕለት ሁላችንም አውቀናል።

ፋይሉ እንደማይከፈት ያወቅነው ኤዲቲንግ ስንጀምር ነው፤ ከወራት በኋላ። ስሙ አለ፣ ውስጡ የለም። እንደገና እንቅረጽ እንዳንል በሩም፣ ኮረኮንቹም፣ ልብስ የሚሰጣበት ገመድም የለም።

የሚያንገበግበን ደግሞ ቀጥሎ የተማርነው ነው። ሚሞሪ ፎርማት ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው የፋይሎቹ ማውጫ እንጂ ፋይሎቹ አይደሉም። መጽሐፉ አለ፣ የተቀደደው ማውጫው ነው። በላዩ ላይ ሌላ ነገር እስካልተጻፈ ድረስ ፎቶሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ብዙውን ማትረፍ ይቻላል። ያን ከሰዓት ፋይሉን ከፍተን አይተን ቢሆን፣ ሚሞሪውን አውጥተን ኪሳችን ብንከት ኖሮ፣ ጋሼ ዛሬም በራቸው ላይ ይቆሙ ነበር። እኛ ግን በላዩ ላይ ድመት ቀረጽንበት።

ይህን ስናወራ የሚገጥመን መልስ ሁሌ አንድ ነው፤ «መሣሪያ ምንም አይደለም፣ ዋናው ታሪኩ ነው»። መምህራን ይሉታል፣ ሽልማት የወሰዱ ይሉታል፣ እኛም ካሜራ መግዛት ሲያቅተን ስንጽናናበት ኖረናል። ይቅርታ ይደረግልንና፣ ታሪኩ የነበረው ሰባተኛው ፋይል ውስጥ ነው። መሣሪያ ምንም አይደለም የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያውን የሚይዝለት ሌላ ሰው ያለው ነው። ተማሪ ደግሞ ዳይሬክተርም፣ ድምፅም፣ ሹፌርም፣ ፋይል ጠባቂም ራሱ ነው።

ሌላው ጉዳችን ክራክ ነው። ለኤዲቲንግ የተጠቀምነው ሶፍትዌር ከሰፈር ኮምፒዩተር ቤት በፍላሽ የተሞላልን ነው። በሳምንቱ ቫይረስ ይዞ መጣ፣ በወሩ መሃል ሬንደር ላይ መዘጋት ጀመረ፣ ለምን እንደሚዘጋ የሚጠየቅ አካል ደግሞ የለም። የሰረቅከውን ዕቃ ይዘህ ዋስትና አትጠይቅም! ስለ ሕጉና ስለ ኃጢአቱ ሌሎች ይጻፉ። እኛ የምንለው ክራክ መማር ይከለክላል ነው። ሲበላሽ ጥፋቱ የእኛ ይሁን የፕሮግራሙ አናውቅም፤ ስለዚህ ከስሕተታችን አንማርም። የሚገርመው ነፃውና ሕጋዊው አጠገባችን ነበር። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ድሮ ከነማሽኑ በመቶ ሺህዎች ዶላር የሚሸጥ፣ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ የሚነኩት ነበር። ብላክማጂክ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ገዛው፣ በ2011 ነፃ ቅጂ አወጣለት። ላፕቶፕህ ለእሱ ደካማ ነው? ኬደንላይቭ አለ፤ ከባዱን ቪዲዮ ወደ ቀላል ቅጂ ለውጦ (ፕሮክሲ ይሉታል) እንድትሠራ ያደርግሃል። ለድምፅ ኦዳሲቲ አለ። ግን ማን ይነግርሃል? ጠይቀህ «ይህንንም አታውቅም?» ከምትባል ዝም ብለህ ብትሰቃይ ይሻላል። እኛ አምስታችን እንኳ እርስ በርሳችን ስንደባበቅ ነው የከረምነው። ያቺ ዘመድ ሁሉ የሚደውልላት ጓደኛችን ፋይል መክፈት አለብን የሚለው ሐሳብ ያን ከሰዓት መጥቶላት ነበር። «አዋቂ ነኝ ባይ እንዳልባል» ብላ ዋጠችው። ይህን የነገረችን ከዓመት በኋላ ነው።

ስለ ሳብታይትላችን አጭር እንሁን፤ የአማርኛው ፊደል መጀመሪያ ጥያቄ ምልክት፣ ቀጥሎ ባዶ ሳጥን ሆነ። ፋይሉን በዩቲኤፍ ኤይት ሴቭ አድርጎ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን መጫን ነበር መድኃኒቱ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከአንዳንዶቻችን በዕድሜ ይበልጣል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የፊልም ትምህርት የሚሰጥ ሁሉ የመጀመሪያውን ሳምንት ካሜራ ሳያስነካ ስለ መገልበጥ ያስተምር። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዷ ሌላ ቤት ትደር፤ በሌላው ዓለም ሕግ ሆኖ የቆየ ነገር ነው። ፎርማት የሚያደርግ ሰው አንድ ይሁን፣ እሱም ከፍቶ ሳያይ እጁን አይዘርጋ። እያንዳንዱ የተማሪ ቡድን ደግሞ ፊልሙን ሲያስረክብ ምን እንዳበላሸ በአማርኛ አንድ ገጽ ጽፎ አብሮ ያስረክብ። የእኛ ገጽ እነሆ፣ አንብባችኋታል።

ፊልሙን ያለ ሰባተኛው ፋይል ጨርሰን ለጋሼ ልናሳይ ወደ አዲሱ ኮንዶሚኒየማቸው ሄድን። ስለ ጠፋው ነገር ነግረናቸዋል፤ «ይጥፋ፣ ሰው አልጠፋ» ብለው አልፈውታል። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ከፈትን። ዝም ብለው አዩ። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ እጃቸውን አነሱ።

«ድምፁ ዘግይቷል።»

ልክ ናቸው። ያ ክፍል በስልክ የተቀረጸ ነው፣ ከንፈርና ድምፅ በትንሹ ይለያያሉ፤ ማንም አያስተውልም ብለን ትተነው ነበር። ስልክ በሰከንድ የሚቀርጸው የፍሬም ብዛት ስለሚዋዥቅ እንደሆነና ሃንድብሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ቁርጥ ወዳለ ፍጥነት መለወጥ እንደሚቻል ያወቅነው በኋላ ፈልገን ነው።

«ሉፑን አብዝታችሁታል» አሉን። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ድምፁ ከሥዕሉ ጎን እንዳይደለ፣ ሃያ ያህል ፍሬም ቀድሞ እንደሚታተም፣ ሥዕሉ የሚበራው ላይ፣ ድምፁ የሚነበበው ደግሞ ታች ስለሆነ በመካከል ያለው ፊልም ሲበዛ አፍ ቀድሞ ድምፅ እንደሚከተል አስረዱን። እንዳልገባን ሲያዩ ተነሡና በረንዳው በር ላይ ቆመው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ከላይ አወረዱት፣ በጥርሶቹ አሳለፉት፣ ሉፑን ለኩ።

አንዳችን ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። ከኋላቸው የሚታየው የጎረቤት ብሎክና የሳተላይት ዲሽ ነው። ከቤታቸው ሳንወጣ ሁለት ቦታ ገለበጥነው፣ ሁለቱንም ከፍተን እስከ መጨረሻው አየን። ሦስተኛው ቅጂ ማታውኑ አክስት ጋ ዋሽንግተን ሄዷል።

ቸር እንሰንብት!