ገበሬው «እስማማለሁ» ሲል

ዝናም በወቅቱ በማይጥልበት፣ ከጣለም መቆሚያውን በማያውቅበት በዛሬው ዘመን፣ የአየር ትንበያና የእርሻ ምክር በስልክና በመሰል ዲጂታል መሣሪያዎች ለገበሬው ማድረስ የአየር ንብረት ለውጥን ከመቋቋሚያ ዘዴዎች አንዱ ሆኗል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የ8028 ነጻ የስልክ መስመር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዓላማውም ማንበብ የማይችል ገበሬ ሳይቀር ደውሎ፣ ቁጥር ተጭኖ፣ ስለ ማሳ ዝግጅትና ስለ አዘራር በሚሰማው ቋንቋ ምክር እንዲያዳምጥ ማስቻል ነበር።

ይሁን እንጂ ገበሬው እንዲህ ባሉት መሣሪያዎች ምን ያህል እንደሚያምን ማወቅ ያስፈልጋልና አጥኚዎች አመለካከቱን ለመለካት መጠይቅ ይዘው ይወጣሉ። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት መለኪያ አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያቀረበው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይነበባል፤ ተጠያቂው «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው አንሥቶ «ፈጽሞ አልስማማም» እስከሚለው ካሉት አምስት ደረጃዎች አንዱን ይመርጣል፤ መልሶቹም በቁጥር ተተክተው ይደመራሉ። ዘዴው የሚናቅ አይደለም። እኔ የምቃወመው ድምሩን ብቻውን የገበሬው ሐሳብ ነው ብሎ መቀበልን ነው።

ከእናንተ አንዱ መጠይቁን ይዞ ወደ አንድ ገበሬ ቤት ሄደ እንበል። ገበሬው ሥራውን ትቶ ይነሣል፤ በርጩማ ያቀርባል።

«ጋሼ፣ በስልክ የሚነገረው የአየር ትንበያ ይጠቅማል ይላሉ?»

«እንዴታ ልጄ! ይጠቅማል እንጂ።»

ተማሪው «በጣም እስማማለሁ» በሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። ግን ገበሬው የመለሰው ለመሣሪያው ነው ወይስ ለእንግዳው? በባህላችን ከሩቅ የመጣን ሰው ማሳፈር ነውር ነው። ጠያቂው ከመንግሥት የተላከ ከመሰለውማ፣ የከርሞው ማዳበሪያ በምላሹ ላይ የሚመሠረት ሊመስለው ይችላል።

አሁን ጥያቄውን ለውጡት። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ማሽላውን መቼ ዘሩ? ቀኑንስ ምን አይተው መረጡ?» በወሎ ቆላማ ስፍራዎች ለመድረስ ረዥም ጊዜ የሚፈጀው ማሽላ በሚያዝያ ግድም ይዘራል፤ ዝናሙ ከዘገየ ግን ገበሬው ማሽላውን ትቶ ቶሎ ወደሚደርሰው ጤፍ ይዞራል። ይህ የዓመት ቀለብ የሚወሰንበት ምርጫ ነው። ይመጣል የተባለው ዝናም ቢቀር፣ ትንበያውን የላከው ባለሙያ ደመወዙ አይቀርበትም፤ የገበሬው ዘር ግን አፈር ውስጥ ይቀራል። ታዲያ ትንበያውን ሰምቶ፣ ደመናውን፣ ነፋሱንና የጎረቤቱን ማሳ ደግሞ አይቶ የሚዘራ ገበሬ «ለዘመናዊ መሣሪያ ያለው አመለካከት ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ይመዝገብን? በበኩሌ ይህን ጥንቃቄ እለዋለሁ። ደግሞስ ስልኩ በማን ኪስ ነው? ዘሩን መርጣ የምታስቀምጠው፣ አረሙንም የምታርመው ባለቤቱ ሳትጠየቅ የምትቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ጉዳቱ በወረቀት ላይ አይቀርም። ድምሩ ዝቅ ሲል ጥፋቱ የገበሬው አመለካከት ይሆናል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ትንበያው ዘግይቶ መድረሱን ወይም ለአንድ ቀበሌ የማይጠቅም ሰፊ አካባቢን የሚመለከት መሆኑን የሚመረምር አይኖርም።

ስለዚህ በሚያዝያ የጠየቃችሁትን ገበሬ በኅዳር፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ተመልሳችሁ ጠይቁት። ምናልባት «ዘንድሮ ተሳስቷል፤ ቢሆንም ለከርሞ እሰማዋለሁ» ይላችሁ ይሆናል። ይህን መልስ ከአምስቱ ሳጥኖች በየትኛው ታስገቡታላችሁ?