ልጃችሁ «ሰርቲን ሪዝንስ ዋይ»ን እያየች ከሆነ

ሰሞኑን አንዲት እናት «ልጄ ራስን ስለማጥፋት የሚያሳይ ተከታታይ ፊልም እያየች ነው፤ ስልኳን ልቀማት እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ፊልሙ በ2017 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው «ሰርቲን ሪዝንስ ዋይ» ነው። ሃና የምትባል ተማሪ ራሷን ታጠፋለች፤ ምክንያቷን የቀዳችባቸው ካሴቶች ከሞተች በኋላ በትምህርት ቤቷ ልጆች እጅ ይዞራሉ።

ማሸማቀቁ፣ የፎቶው ወሬ፣ አስገድዶ መድፈሩ እውነት ነው፤ ተማሪ የሚያውቀው፣ ቤት ውስጥ ግን የማይወራ። እኔን ያናደደኝ ሞቷን መበቀያ ማስመሰሉ ነው። የሞተ ሰው «አሁን ገባቸው!» ብሎ አያይም። ድብርት ታክሞ እንደሚድንም ከፊልሙ ብዙ አይማሩም። ኔትፍሊክስ ራሱ በ2019 የሞቷን ትዕይንት ቆርጦ አውጥቶታል፤ ቀድሞ ወርዶ ከስልክ ስልክ የሚዞር ፋይል ላይ ግን ሊኖር ይችላል፣ እሱን እለፉት።

ግን አይቀሟት፣ አብረዋት ይዩ አልኳቸው። በተለይ ሃና ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ የሄደችበትን ክፍል። አማካሪው የደፈራትን ልጅ ስም ካልተናገረች ነገሩን ትታ ከመቀጠል ሌላ አማራጭ እንደሌላት ይነግራታል። ወጥታ በሩ ላይ ትጠብቃለች፤ አይከተላትም። «ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው?» ብሎ በግልጽ አልጠየቃትም።

ብዙ ወላጅ ይህን ጥያቄ ይፈራል፤ ሃሳቡን የሚያስገባባት ይመስለዋል። አያስገባም፣ ይህ በጥናት የታየ ነው። «አዎ» ካለች አትቆጧት፣ ብቻዋን አትተዋት፣ ቤት ያለውን መድኃኒት ቆልፉ፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ይዛችኋት ሂዱ።

እናትየዋ ዝም ብለው ቆዩና «በምን አፌ ልጠይቃት?» አሉኝ። ፊልሙን አቁመው፣ ሻይ አቅርበው፣ በዚሁ አፍ፤ ድምጽዎ ቢንቀጠቀጥም ችግር የለውም።