ጃን ሜዳ ባዶ ቦታ አይደለም

ሰው የተወለደበትን ቤትና ፊደል የቈጠረበትን ትምህርት ቤት ሲያስታውስ ደስ ይለዋል። እኛ ዛሬ የምናስታውሰው ቦታ ግን ግድግዳ የለውም፤ ጣራውም ሰማይ ነው። ይኸውም በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አጠገብ የሚገኘው ጃን ሜዳ ነው። ብዕራችንን ያነሣነው ሜዳውን ለማወደስ ብቻ አይደለም፤ አንድ ዕዳ ስላለብን ነው። ዕዳው ምን እንደ ሆነ ወደ በኋላ እንናገራለን።

ጃን ሜዳን መጀመሪያ ያየነው በአባታችን ትከሻ ላይ ሆነን ነው። ዕለቱ ጥር 10፥ የከተራ በዓል ነበር። ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው፥ ካህናቱ በዝማሬ፥ ሕዝቡም በእልልታ አጅቧቸው ሲገቡ አየን። ከሁሉ ይልቅ በልባችን የቀረው ግን ከበዓሉ በኋላ በዋለው እሑድ የሆነው ነው። አባታችን እንደገና ወደ ሜዳው ወሰዱንና እጃችንን ለቀው፥ «በል ሩጥ፤ እዚህ መኪና የለም» አሉን። በከተማ ውስጥ ልጅ እጁን ሳይያዝ የሚሮጥበት ቦታ ጥቂት መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅንም። ሮጥን፤ ወደቅን፤ ጉልበታችን ተላጠ፤ ተነሥተን ደግሞ ሮጥን። አባታችን ዛሬ በሕይወት የሉም። ይሁን እንጂ መሮጥ በጀመርን ቁጥር ያ «በል ሩጥ» ያሉን ድምፅ ከኋላችን ይሰማናል።

ጥቂት ዓመታት ቈይቶ የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች በዚያው ሜዳ በሩጫ ሲወዳደሩ ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆነን ገባን። ከኋላችን የገባው ልጅም ጫማው ተበጥሶበት ነበር። ይህን የምንገልጸው አንባቢ ስለ ሯጭነታችን እንዳይሳሳት ነው።

ዩኒቨርሲቲ በገባን ጊዜ ሜዳው ጎረቤታችን ሆነ። ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ከግቢው ወጥተን፥ በየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት በኩል አልፈን፥ ጭጋጉ ሳይገፈፍ እንደርስ ነበር። አንዳንድ ጧት ከአንበሳ ግቢ የአንበሳ ድምፅ ይሰማ ነበር። ከጋምቤላ የመጣ አንድ የክፍል ጓደኛችን በመጀመሪያው ቀን መቶ እርምጃ ያህል እንደ ሮጠ ቆመና፥ «እናንተ ሰዎች፥ አየሩን ማን ወሰደው?» አለን። እውነቱን ነው። ስድስት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለእንግዳ ሰው እስትንፋሱ ያጥርበታል፤ ልቡም ይደልቃል። ሰውነት ግን ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ ኦክስጅን የሚሸከሙት የደም ቀይ ሕዋሳትም ይበዛሉ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የዚያን ጓደኛችንን ጀርባ ብቻ የምናይ ሆነን ቀረን።

በሜዳው የምናገኛቸውን ሰዎች አንረሳቸውም። ከገጠር መጥተው እንደ ደራርቱ ቱሉ ለመሆን የሚመኙ ልጃገረዶች ነበሩ። ድንጋይ ጎል አድርገው ኳስ የሚጫወቱ የሰፈር ልጆች፥ ሆዱን እንዲቀንስ ሐኪም ያዘዘው ሹም፥ ጋቢ ለብሰው በዱላ የሚመላለሱ አረጋውያንም ነበሩ። ከነዚህ አንዱ አዛውንት ባለፍናቸው ቁጥር፥ «በርቱ ልጆቼ! እኛ በሮጥንበት ዘመን በርቱ የሚለን አልነበረም» ይሉናል። እኛም፥ «እግዜር ይስጥልን አባባ» ብለን እናልፋለን። ሁሉም በአንድ ሣር ላይ ያልበው ነበር፤ ላብ ደግሞ ደመወዝ አይለይም።

ከእኛ ትዝታ በፊት ሜዳው የአገር ትዝታ ነበረው። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ከሰገሌ ጦርነት በኋላ ድል ያደረገው ሠራዊት የተሰለፈው በዚሁ ሜዳ ነው። የገና ጨዋታና የፈረስ ጉግስ ታይቶበታል። የጃን ሜዳ አገር አቋራጭ ውድድርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲፈጽም ዓለም ተደነቀ። ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ ከ1994 እስከ 1998 ዓ.ም. አምስት ዓመት በተከታታይ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የአጭሩንም የረጅሙንም ርቀት አሸነፈ። አገር አቋራጭ ሣርና አፈር የሚፈልግ ሩጫ ነው። ሜዳዎቹን የጨረሰ አገር እንዲህ ያለውን ልጅ ከየት ያመጣል?

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ይህን አንነቅፍም። በጠባብ ቦታ የታጨቀውን ሕዝብ ማራራቅ ያስፈልግ ነበር፤ ነጋዴውም፥ ተሸካሚውም፥ ሽንኩርት ልትገዛ የመጣችውም እናት መኖር ነበረባቸው። እንዲያውም በዚያ በጭንቅ ቀን ሜዳው ለከተማው የደረሰለት ክፍት ስለ ነበረ ነው። ነገር ግን ክረምቱ ሲገባ የጭነት መኪና ጎማ ሣሩን አረሰው፤ የበሰበሰ ጎመንም ከጭቃው ጋር ተለወሰ። በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ፤ ሜዳውም ተጠረገ። ለጃን ሜዳ የደረሰለት በዓሉ ይመስለናል። ታቦት የማያድርበት ትንሽ የሰፈር ሜዳ ቢሆን ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር?

አሁን ወደ ዕዳችን እንመለስ። ተመርቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ በያዝን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አንድ ስብሰባ ገባን። ካርታ ተዘረጋ። አንድ አለቃ በአንድ የሰፈር ኳስ ሜዳ ላይ ጣታቸውን አኑረው፥ «ይህ ባዶ ቦታ ነው፤ ተቃውሞ ያለው አለ?» ሲሉ ጠየቁ። እኛ ያንን ሜዳ እናውቀዋለን፤ በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለን፤ ማታ ማታ ልጆች ሲርመሰመሱበት አይተናል። ጃን ሜዳ ትዝ አለን፤ የአባታችንም ድምፅ ትዝ አለን። ሆኖም አዲስ ሠራተኛ ነንና አፋችንን ያዝን፤ ቃለ ጉባኤውንም ከሌሎቹ ጋር ፈረምን። ጥቂት ቈይቶ ሜዳው በቆርቆሮ ታጠረ፤ ልጆቹም ኳሳቸውን ወደ አስፋልቱ ዳር አወጡ። አንድ ቀን በዚያ ስናልፍ ኳሷ ወደ መንገዱ ተንከባለለችና አንዱ ልጅ፥ «ጋሼ፥ ያዝልን!» ብሎ ጮኸ። ያዝንና መለስንለት። «ሜዳችሁስ?» ብለን አልጠየቅነውም፤ የት እንደ ሄደ እናውቃለንና።

አንዳንድ ሰው፥ «ከተማው ቤትም ሆስፒታልም ይፈልጋል፤ መሮጥ የፈለገ በመንገድ ዳር ይሩጥ» ይለን ይሆናል። ቤትና ሆስፒታል ማስፈለጉን ማንም አይክድም። በቅርብ ዓመታትም በብዙ ጎዳናዎች የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ እንጦጦ ፓርክም በ2013 ዓ.ም. ተከፍቷል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን አበባ የተተከለበት መናፈሻ ሌላ፥ ልጅ ወድቆ የሚነሣበት ሜዳ ሌላ ነው። አንዱን ስንሠራ ሌላውን ብናጣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደ ተባለው ይሆንብናል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ያህል መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው ይህን ምክር ሊፈጽም የሚችለው ከቤቱ ሳይርቅና ገንዘብ ሳይከፍል የሚሮጥበት ቦታ ሲያገኝ ነው።

ስለዚህ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ላላችሁ ወጣቶችና ነገ ለምትገቡት ተማሪዎች ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ በካርታ ላይ «ባዶ ቦታ» የሚል ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ከጧቱ 12 ሰዓትና ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እዩት። በቢሮ ሰዓት የሄደ ሰው ልጆቹ በትምህርት ቤት፥ ሯጮቹም በሥራ ላይ ስለሚሆኑ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለተኛ፥ ችግር ደርሶ ሜዳ ለሌላ ጉዳይ ቢያስፈልግ የሚለቀቅበት ቀንና ሣሩን መልሶ የሚያለማው ክፍል አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና በጥድፊያ የተወሰነው ነገር ኋላ ያስቸግራል። ሦስተኛ፥ ሜዳውን የሚያውቅ ሰው በስብሰባ ላይ ቢኖር ይናገር። አዲስ ሠራተኛ ቢሆንም ይናገር። አለቃችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የጠየቁትም ተቃውሞ ካለ ለመስማት ነበር። የምናውቀውን ብንነግራቸው ምን ይሉ እንደ ነበር ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ዕዳችንም ይኸው ነው።

ይህን በመጻፋችን ዕዳውን ከፈልን አንልም፤ ቆርቆሮው እንደ ሆነ አልተነሣም። ለሚቀጥለው ካርታ ግን ዝም ላለማለት በአንባቢዎቻችን ፊት ቃል ገብተናል። ዛሬ እሑድ ነው። ልጅ ወይም ታናሽ ወንድም፥ ታናሽ እኅትም ያላችሁ፥ ጋዜጣውን አስቀምጡና በአጠገባችሁ ወዳለው ሜዳ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ እጁን ለቀቅ አድርጉና፥ «በል ሩጥ፤ እዚህ መኪና የለም» በሉት።