ቦሌ ላይ ተሰብሮ ስለተረከብኩት ዊልቸር

ለአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ

ክቡር ሆይ፣

መዝገቡ እጅዎ ላይ ስላለ ከሥር መሠረቱ አልተርክም። የመጨረሻው ደብዳቤያችሁ ለቀጣዩ ጉዞዬ ቅናሽ ሰጥቶ ጉዳዩን ዘግቷል። በምን ልሄድ ነው?

ሲያትል ውስጥ ማውንት ቤከር የባቡር ጣቢያ በሊፍት ወጥቼ፣ ባቡር ተሳፍሬ፣ ማንም ሳይደግፈኝ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሻለሁ። አውሮፕላኑ በር ላይ ዊልቸሩን ሳስረክብ ፎቶ አንስቻለሁ፤ ምንም እንከን የለበትም። የባትሪውን አፈታት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ ጀርባው ላይ ለጥፌያለሁ። ቦሌ የወጣልኝ ግን መሪው ተገንጥሎ በሽቦ የተንጠለጠለ፣ ጎማው የተጣመመ ወንበር ነው። ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው፤ ያነበበው የለም። ሠራተኛችሁም ጉዳቱን በፊርማው አረጋግጧል። እናቴ ቤት የገባሁት በወንድሞቼ ሸክም ነው። እኔ የልጆች አባት ነኝ፣ ክቡር ሆይ።

ካሳ ስጠይቅ የሞንትሪያልን ስምምነት ጠቀሳችሁ። በስምምነቱ መሠረት በዓለም አቀፍ በረራ ዊልቸር ከጓዝ ተቆጥሮ የካሳው ጣሪያ 2 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። በሞተር የሚሄድ ወንበር የዚያን ብዙ እጥፍ ያወጣል። በረራው አሜሪካ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ካሳው የሚሰላው በተገዛበት ዋጋ ነበር። ስምምነቱ ግን በፈቃዳችሁ ከጣሪያው በላይ ብትከፍሉ አይከለክላችሁም። የከለከላችሁ ምንድን ነው?

ወገን ይፍረድ! ችግሩ የእኔ ብቻ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ አየር መንገዶች 11,527 ዊልቸርና ስኩተር ላይ ጉዳት፣ መጥፋት ወይም መዘግየት ማድረሳቸው ተመዝግቧል። በ2024 አሜሪካን አየር መንገድ ከአካል ጉዳተኞች አያያዝ ጋር በተያያዘ 50 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። እዚህ ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ውስጥ አገራቸውን ለማየት እየናፈቁ፣ ወንበራችን ይሰበራል ብለው ፈርተው የቀሩ እናቶችና አባቶች አሉ።

ስለዚህ፦
1. ወንበሬ በሙሉ ዋጋው ይተካ።
2. አዲስ አበባ ለሚገባ ዊልቸር ሁሉ የካሳውን ጣሪያ አንሱ።
3. ጫኝና አውራጆቻችሁ ይሠልጥኑ፤ ቦሌ ላይ ተለዋጭ ወንበርና ጠጋኝ ይኑር።
4. በየዓመቱ ስንት ዊልቸር እንደሰበራችሁ ለሕዝብ አሳውቁ።

ጥያቄው በአደባባይ ነውና መልሱም በአደባባይ ይሁን። የድርጅታችሁን ስም እስከዚያ ድረስ ይዤ እቆያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከማውንት ቤከር፣ ሲያትል

ግልባጭ፦
— ቲኬት ለመቁረጥ ላሰበ ኢትዮጵያዊ ሁሉ