የዘገየው ደብዳቤ

«ልጄ ዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ለመግባት አመልክቷል። ጓደኛው በኅዳር ደብዳቤ ሲደርሰው እሱ እስከ መጋቢት ምንም አልሰማም፤ ወድቆ ይሆን?» ሲሉ አንድ አባት ከአሜሪካ ጠይቀውናል።

አይዞዎት! ዌስት ፖይንት የሁሉንም መልስ በአንድ ቀን አያወጣም፤ ማኅደሩ የተሟላለትን እየመረመረ በየጊዜው ይጠራል። በኅዳር የሚደርሰውም ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ የተስፋ ቃል እንጂ ሙሉ ቅበላ አይደለም፤ ወጣቱ በጤና ምርመራ ካላለፈ ወይም ዕጩ ሆኖ ካልቀረበ ይቀራል።

ዋናው ቋጠሮ ይኸው ዕጩነት ነው። እያንዳንዱ የሕግ መወሰኛ አባልና እያንዳንዱ እንደራሴ በትምህርት ቤቱ በአንድ ጊዜ ሊኖሩት የሚችሉት ተማሪዎች 5 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለአንዲት ክፍት ቦታ ብዙ ወጣቶች ይሻማሉ። (ጎበዝ ከበዛበት ወረዳ መወለድም ዕዳ ነው!) ብቁ ሆነው ቦታ ያጡት ግን በብቃታቸው ተራ በሀገር አቀፍ ዝርዝር ይሰለፋሉ፤ የእነዚህ ጥሪ እስከ ሚያዝያ ሊዘገይ ይችላል።

እስከዚያው ልጅዎ የሌላውን ኮሌጅ ቅበላ አይልቀቅ። ሐኪሞቹ የጠየቁት ወረቀት ጎድሎ እንደሆነም ዛሬውኑ ይመልከት።